ሽንት ቤት መቁጠር የሐኪም ሥራ ነው እንዴ?

 

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከደረሱኝ መልእክቶች አንዱ ከአንዲት እናት ነው። ልጃቸው ሕክምና ትማራለች፤ ከጓደኞቿ ጋር ለተወሰኑ ሳምንታት ገጠር ልትወጣ ነው። "ዶክተር፣ እኔ ልጄን ያስተማርኳት ሰው እንድታክም እንጂ ሰው ጓሮ እየገባች ሽንት ቤት እንድትቆጥር አይደለም። ይሄ ትምህርት ነው ወይስ ቅጣት?" ይላሉ።

እናቴ፣ ንዴትዎ ይገባኛል። እኔም ተማሪ ሆኜ አይሱዙ ላይ ፍራሼን ስጭን ያጉረመረምኩትን አልረሳውም። መልሱ ትንሽ ረዘም ስለሚል እዚሁ ለሁላችንም ልጻፈው።

ነገሩ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ይባላል። አገራችን ውስጥ ደግሞ የትናንት ፋሽን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ ላይ ወባ ገብቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ። በዓመቱ፣ በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ያሠለጥን የነበረው ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን ነው። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ገጠር ጤና ጣቢያ ወርደው ይሠሩ ነበር። ወባ ሐኪም ቤት በር ላይ ቆሞ አይጠብቅም፤ ያቆረ ውሃ አጠገብ፣ ሰው የሚተኛበት ጎጆ ውስጥ ነው ያለው። እዚያ ሄዶ ያላየው ሰው እንዴት ይከላከለዋል?

ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት፣ የዛሬው ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ይህንን የትምህርቱ ምሰሶ አደረገው። ከጤና ትምህርት ቤት የወጣ ሰው ካገኛችሁ "ሲቢቲፒ" እና "ቲቲፒ" በሉት፤ ፊቱ ሲፈካ ታያላችሁ። በመጀመሪያው፣ ተማሪዎች አንድ ቀበሌ ይሰጣቸውና ቤት ለቤት እየዞሩ ይመዘግባሉ፦ ስንት ሰው አለ፣ ውሃ ከየት ይቀዳል፣ የትኛው ሕፃን አልተከተበም፣ እናቶች የት ይወልዳሉ። የሰበሰቡትን ለነዋሪው መልሰው ያቀርባሉ። የትኛው ችግር እንደሚቀድም አብረው ይመርጣሉ፣ ከዚያ አቅም የፈቀደውን ይሠራሉ። ሁለተኛው ለተመራቂዎች ነው። የሕክምና፣ የነርስ፣ የላቦራቶሪ፣ የፋርማሲና ሌሎችም ተማሪዎች አንድ ጤና ጣቢያ ተመድበው አብረው ይኖራሉ፣ አብረው ይሠራሉ። ሐኪሙ ያለ ላቦራቶሪው ልጅ ምንም እንዳልሆነ የሚገባው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ሽንት ቤቱ እንምጣ፤ እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ።

ቅጻችን ላይ "መጸዳጃ ቤት አላችሁ?" የሚል ጥያቄ ነበር። እጠይቃለሁ፣ "አለን" ይሉኛል፣ ምልክት አደርጋለሁ። በግማሽ ቀን ሠፈሩን ጨርሼ ደስ እያለኝ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አሳየኋት። ምንም አላለችኝም። እጄን ይዛ ወደ አንዱ ግቢ ጓሮ ወሰደችኝና "ወደ ሽንት ቤቱ የሚወስደውን መንገድ እየውማ" አለችኝ። መንገድ የለም! ሣሩ ጉልበት ደርሷል። ጉድጓዱ አፍ ላይ ሸረሪት ድር አድርታበታለች። ሽንት ቤቱ አለ፤ የሚገባበት ሰው ግን የለም። ለምን? ጣሪያ ስለሌለውና ከመንገድ ስለሚታይ ሴቶቹ ያፍራሉ። ከዚያ በኋላ ቅጹን ይዤ መጀመሪያ የማየው ሣሩን ሆነ።

ሁለተኛው ስህተቴ ግን እንዲህ የሚያስቅ አይደለም።

አንድ ቤት ውስጥ አንድ ዓመት ከምናምን የሆነው ልጅ ተቅማጥ ይዞታል። ኦአርኤስ ሰጠኋትና እናትየውን "በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠሽ ቶሎ ቶሎ ስጪው" አልኳት። "እሺ" አለች። እኔም ተናግሬ፣ እሷም ሰምታ ተለያየን። በሁለተኛው ቀን ስመለስ የልጁ ዓይን ጎድጉዷል፤ ሲያለቅስ እንባ የለውም። "መድኃኒቱን ይተፋዋል" አለችኝ። እንዴት እንደበጠበጠችው ስጠይቃት ትንሽ ጣሳ አሳየችኝ። ሙሉውን ፓኬት በዚያች ጣሳ! "ውሃው ሲበዛ መድኃኒቱ ይቀጥናል ብዬ ነው" አለች።

አስቡት፤ ምክንያቷ ምክንያት ነው። ወጥ እንኳ ውሃ ሲበዛበት ይቀጥናል። ቤቷ ውስጥ ያለው የውሃ መለኪያ ደግሞ ሃያ ሊትር ጄሪካንና ያቺ ጣሳ ናቸው። ሊትር ስትሰማ የቱን ትያዝ? ኦአርኤስ ሲወፍር ደግሞ ጣዕሙ ብቻ አይደለም የሚበላሸው። በሕፃኑ ደም ውስጥ ጨው ከልክ በላይ ይጨምርና ለባሰ አደጋ ያጋልጠዋል። አባትየው ልጁን አዝሎ ጤና ጣቢያ ሮጥን። በደም ሥር ፈሳሽ ተሰጠውና ዳነ። ባይድንስ? ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ድረስ ሐኪም ቤት ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ይመጣብኛል።

የኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በኋላ ቦርሳዋን ከፍታ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ አወጣች፤ የአንድ ሊትር። "እኔ ሊትር አልላቸውም። ይቺን እስከ አንገቷ ሙሏት ነው የምለው፤ ከዚያ ዓይኔ እያየ ያስበጠብጣቸዋለሁ" አለችኝ። ለመናገር ያላፈርኩበት ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ስለ ተቅማጥ ሕክምና ከመምህሮቼ እኩል ያስተማረችኝ እሷ ናት።

ይህን ስል ግን ፕሮግራሙ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። የተሰበሰብነውን ለነዋሪው ስናቀርብ አንድ አባት ተነሥተው "ልጆቼ፣ አምናም መጣችሁ፣ ካቻምናም መጣችሁ። ጠየቃችሁ፣ ጻፋችሁ፣ ሄዳችሁ። ምንጫችን ግን እንደነበረ ነው" አሉን። ሁላችንም ዝም። እውነታቸውን ነው። ተማሪ ውጤቱን ይዞ ሲሄድ ቀበሌው የሚተርፈው ድካም ብቻ ከሆነ፣ ያ መማር ሳይሆን ሰው መጠቀሚያ ማድረግ ነው። በእኔ አስተያየት በየዓመቱ ቀበሌ እየቀያየሩ ተማሪ መበተንም ስህተት ነው፤ ወደዚያው ቦታ ካልተመለሱ የሠሩት ይቁም ይፍረስ ማን ያያል? በዚያ ዓመት እኛ ከመንደሩ ወጣቶች ጋር ሆነን ምንጩን አጠርን፣ ከላይ የሚወርደውን ጎርፍ የሚመልስ ቦይ ቆፈርን። ሲሚንቶ የሚገዛ ብር አልነበረንም። አባትየው ቆፍረው ቆፍረው ሲደክማቸው ጠላ አስመጡልን፤ ታረቅን ማለት ነው።

እናንተ ከተማ ያላችሁም ከዚህ የምትወስዱት አለ። ገጠር ላሉ ቤተሰቦቻችሁ ኦአርኤስ ስትልኩ ሙሉ ፓኬቱ የሚበጠበጠው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ መሆኑን በጠርሙስ አስረዷቸው። የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ከሆነ ሁለቱን ሞልተው አንድ ዕቃ ላይ ይገልብጡና ይበጥብጡ። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ ይደፋ። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ በየተቅማጡ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ በማንኪያ ቀስ እያሉ ይስጡት። ጡት አይቋረጥም፤ ዚንክም ከጤና ባለሙያው ይጠይቁ። ልጁ መጠጣት ካቃተው፣ ከፈዘዘ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ሰገራው ደም ካለው ግን ቤት ውስጥ አይጠበቅም፤ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም።

እና እናቴ፣ ልጅዎ ትሂድ። ሻንጣዋ ውስጥ ቦት ጫማ፣ የእጅ ባትሪ፣ አጎበር፣ የዝናብ ልብስ ይጨምሩላት። የአካባቢውን ቋንቋ የማትችል ከሆነ ቢያንስ ሰላምታውን ከአሁኑ ትልመድ። ባዶ የአንድ ሊትር ጠርሙስም እንዳትረሳ።