ፎርማት ከመደረጉ በፊት
ደባርቅም ሆነ ዳባት፣ አሮጌ ኮምፒውተር ዴስክቶፑን አልከፍት ሲል ቶሎ የሚመጣው ምክር «ፎርማት ይደረግ» ነው። በሊኑክስና በቀደሙት ዩኒክሶች ላይ ግን ምክሩ አብዛኛውን ጊዜ ችኮላ ነው፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ነገር ከሥሩ ካለው ሲስተም ተለይቶ የተሠራ ነውና።

ኤክስ የተባለው የመስኮት ሥርዓት በኤም አይ ቲ በ1984 እ.ኤ.አ. ተጀመረ፤ 11ኛው ቅጹ በ1987 ወጣ። ስክሪንና ኪቦርድ የሚይዘው ኤክስ ሰርቨር ነው። ፓስወርድ የሚጠይቀው ሌላ ፕሮግራም ነው፤ መስኮቶቹን የሚያዘዋውረውም እንዲሁ። ስለዚህ መስኮቶቹን የሚያዘዋውረው ቢወድቅ ኤክስ ሰርቨር ይተርፋል፤ ኤክስ ሰርቨር ቢወድቅም ከሥሩ ያለው ሲስተም ይተርፋል። ሊኑክስ ላይ ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ1 አብረው ሲጫኑ ጥቁሩ የጽሑፍ ገጽ ከመጣ ሲስተሙ ቆሟል ማለት አይቻልም። ከዚያው ገጽ የኤክስን ሎግ ፋይል ከፍቶ «ስህተት» የተባሉትን መስመሮች ማንበብ ይቻላል።

በጣም የሚያደናግረው ትክክለኛ ፓስወርድ ተቀብሎ፣ ለአፍታ ጠቁሮ፣ መልሶ ፓስወርድ የሚጠይቀው ማሽን ነው። መጀመሪያ ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ ይታይ፤ ኤክስ የመግቢያ ፈቃዱን የሚጽፍባት ትንሽ ፋይል ቦታ ካጣች ሴሽኑ አይከፈትም። አንድ ሰው ሩት (የሲስተሙ አስተዳዳሪ) ሆኖ ዴስክቶፕ ከፍቶ ፋይሏ በሩት ስም ከቀረችም ውጤቱ ያው ነው። ባለቤትነቷን ለተጠቃሚው መመለስ ይበቃል፤ የማንም ሰነድ አይጠፋም።

መብራት ድንገት ሲጠፋ ደግሞ የፋይል ሥርዓቱ ሊጎዳ ይችላል። ሊኑክስ ጉዳቱ እንዳይብስ ዲስኩን ለንባብ ብቻ ሊከፍተው ይችላል፤ መጻፍ ካልተቻለ ዴስክቶፕም የለም። መድኃኒቱ የዲስክ ምርመራ ነው። የማዘርቦርዱ ክብ ባትሪ ከሞተ ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ምርመራውም ዲስኩ ገና ባልመጣ ቀን ተከፍቷል ብሎ ያማርራል።

የደባርቅ ብርድ ኮምፒውተር አይግልም አሰኝቶ ያታልላል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ብዙ አምራቾች ለኮምፒውተር የሚፈቅዱት ከፍታ 3,000 ሜትር አካባቢ ነው። የሳሳ አየር ሙቀትን በደንብ አይወስድም፤ ፋኑ አቧራ ከያዘ ግራፊክስ ካርዱ ይግላል። ስክሪኑ ሥራ ሲበዛ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ከሶፍትዌሩ በፊት ፋኑ ይጠረግ።

ዴስክቶፑ ተከፍቶ የግዕዝ ፊደል በባዶ ሳጥን ከተተካ ደግሞ የጎደለው ፎንት ነው። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በየፎንቱ ኮድ የተጻፈ ሰነድ ግን፣ አዲስ ፎንት ቢጫንም ወደ ዩኒኮድ ካልተለወጠ አይነበብም።