አዲስ የተርብ ዝርያ እንዴት ይታወቃል?

ተርብን የማያውቅ አንባቢ አይኖርም። ነገር ግን ብዙዎቻችን የምናውቃት በመንደፏ ነው እንጂ በሥራዋ አይደለም። እኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ ከእነዚሁ አንዱ ነበርሁ። ተርብን ቀረብ ብዬ እንድመለከታት ያደረገኝ የገዛ ራሴ ስሕተት ስለ ሆነ፥ ጽሑፌንም ከዚያው እጀምራለሁ።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ከክፍላችን መስኮት በላይ፥ በጣራው ክፈፍ ሥር ተርቦች ጎጆ ሠሩ። የምቀመጠው ከመስኮቱ አጠገብ ስለ ነበር በየቀኑ አያቸው ነበር። በባዮሎጂ መጽሐፋችን ያለው የተርብ ሥዕል ጥቁርና ቢጫ ዥንጉርጉር ሲሆን፥ የእኛዎቹ ግን ቡናማ ነበሩ፤ ወገባቸውም ቀጭንና ረዥም ነበር። ከመጽሐፉ ሥዕል ጋር ስላልተስማሙልኝ «አዲስ ዝርያ አገኘሁ» ብዬ ለጓደኞቼ አወራሁ፤ ስም እንኳ አውጥቼላቸው ነበር።

ወሬው ለባዮሎጂ መምህራችን ደረሰ። እሳቸውም በክፍሉ ፊት አስነሥተው «ልጄ፥ ከየትኞቹ ጋር አስተያይተህ ነው አዲስ ናቸው ያልኸው?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ከመጽሐፉ ሥዕል ጋር ነው» አልኋቸው። ክፍሉ በሙሉ ሣቀ። መምህራችን ግን ሳይሥቁ «በል እንግዲያው አንዲቱን ይዘህ አምጣና እንመልከታት» አሉኝ። በዕረፍት ሰዓት ወጥቼ ብመለከት ጎጆው የለም። በዚያው ሳምንት አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ዓይኑ ሥር ተነድፎ ስለ ነበር፥ ዘበኛው ጎጆውን በችቦ አቃጥለውት ኖሯል። በእጄ የቀረች አንዲት ተርብ እንኳ አልነበረችም።

ከዚያ በኋላ መምህራችን አዲስ ዝርያ በእውነት እንዴት እንደሚታወቅ የሚገልጽ ጽሑፍ ሰጥተውኝ አነበብሁ። ከዚያ የተማርሁትን ለአንባቢዎች ባካፍል ይጠቅማል ብዬ አሰብሁ።

በመጀመሪያ ስለ ተርቦቹ ጥቂት ልበል። በክፈፍ ሥር የሚኖሩት ተርቦች ወረቀት ሠሪዎች ናቸው። ሴቲቱ ተርብ ከአሮጌ አጥር ወይም ከደረቀ እንጨት ላይ በመንጋጋዋ እየፋቀች ከምራቋ ጋር ታላውሰዋለች፤ ይህም ሲደርቅ ወረቀት ይሆናል። ከዚሁ ወረቀት ባለ ስድስት ማዕዘን ክፍሎች ትሠራለች፤ በየክፍሉም እንቁላል ትጥላለች። ጎጆው በአንዲት ቀጭን እግር ተንጠልጥሎ ይኖራል፤ በዚያችም እግር ላይ ጉንዳን የሚያባርር ቅባት ትቀባበታለች። ልጆቿን ማለት እጮቹን አባጨጓሬ እያኘከች ስለምትመግባቸው ለገበሬ ባለውለታ ናት። የሚናደፉት ሴቶቹ ብቻ ናቸው፤ ወንዶቹ መንደፊያ የላቸውም። በአውሮፓ ወረቀት ከጨርቅ ቡትቶ ይሠራ በነበረበት ዘመን፥ ሬኦሚር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1719 የተርብን ሥራ ተመልክቶ ወረቀት ከእንጨትም ሊሠራ እንደሚችል አመልክቶ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። በአውሮፓ ከሚገኙት ወረቀት ሠሪ ተርቦች ውስጥ ፖሊስቴስ የሚባል ወገን አለ። ይህን የወገን ስም ያወጣው ላትሬይ የተባለ ፈረንሳዊ ሲሆን፥ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1802 ነበር። እያንዳንዱ ዝርያ ከወገኑ ስም ቀጥሎ የራሱ ስም ይጨመርለታል፤ ይኸውም የሰው ስም ከአባቱ ስም ጋር እንደሚጠራ ያለ ነው፤ ልዩነቱ በሳይንስ የወገኑ ስም መቅደሙ ነው። ከእነዚህም ዝርያዎች አንዱን እ.ኤ.አ. በ1937 ቫይራውኽ የተባለ ሊቅ ፖሊስቴስ ቢሾፊ ብሎ ሰየመው። ከዚያ በኋላ ከ70 ዓመት በላይ ያንን የሚመስሉት ተርቦች ሁሉ በዚሁ ስም ሲጠሩ ኖሩ።

ይሁን እንጂ በስዊዘርላንድ ይሠሩ የነበሩ ተመራማሪዎች በዚህ በአንድ ስም ሥር ሁለት መልክ እንዳለ ተመለከቱ። አንዳንዶቹ ፈካ ያሉ ናቸው፤ እነዚህም በብዛት የሚገኙት በደቡብ አውሮፓና በምዕራብ እስያ ነው። ሌሎቹ ጠቆር ያሉ ሆነው ወደ ሰሜን ጠጋ ብለው በመካከለኛው አውሮፓ ይኖራሉ። እኔ ብሆን ኖሮ ወዲያው «አዲስ ነው» ባልሁ ነበር! ዳሩ ግን የአንድ ዝርያ ተርቦችም በመልክ ይለያያሉ፤ በብርድ አገር ያደገችውም ልትጠቁር ትችላለች። ስለዚህ መልክ ብቻውን ምስክር አይሆንም።

እነርሱም ያደረጉት እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ የብዙ ተርቦችን የአካል ክፍሎች በማይክሮስኮፕ እየተመለከቱ ለኩ። ተርብ በልጅነቷ ብዙ ከበላች ትተልቃለች፥ ጥቂት ከበላች ታንሳለች፤ በዚህም ምክንያት ርዝመት ብቻውን አያስተማምንም። ስለዚህ አንዱ የአካል ክፍል ከሌላው ጋር ያለውን ንጽጽር አሰሉ። ትልቅ መሶብና ትንሽ መሶብ በመጠን ቢለያዩም ቅርጻቸው አንድ ነው፤ መሶብና እንስራ ግን መጠናቸው ቢተካከል እንኳ ቅርጻቸው አይገጥምም። በዚህ ስሌት ጠቆር ያሉትና ፈካ ያሉት በቅርጽም ተለያዩ።

ሁለተኛ፥ ዲ.ኤን.ኤ.ያቸውን መረመሩ። ምርመራውም በሁለት በኩል ነበር፤ አንደኛው ከእናት ብቻ የሚወረሰው የሚቶኮንድሪያ ዲ.ኤን.ኤ. ሲሆን፥ ሁለተኛው በሕዋስ ኑክሊየስ ውስጥ ያለው ነው። ይህም ምርመራ ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን አረጋገጠ።

ሦስተኛ፥ በስዊዘርላንድ ሁለቱም በአንድ ሥፍራ አብረው ሲኖሩ ተገኙ። ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ አስደነቀኝ። ሁለቱ በሩቅ አገር ተለያይተው የሚኖሩ ቢሆኑ ኖሮ ልዩነቱን አገሩ አመጣው ይባል ነበር። ነገር ግን በአንድ መስክ እየኖሩ ሳይደባለቁ ከቀሩ፥ በእርግጥ ሁለት ዝርያዎች ናቸው።

ከዚህ በኋላ አንድ ከባድ ጥያቄ ቀረ። አሮጌው ስም ለየትኛው ይሁን? በሳይንስ ሕግ የአንድ ዝርያ ስም የሚጸናው ለምስክርነት ተመርጦ በሚጠበቅ አንድ ናሙና ነው። የፖሊስቴስ ቢሾፊ ምስክር ተርብ ግን ጠፍታ ነበር። ሆኖም የተያዘችው በሰርዲንያ ደሴት እንደ ነበረ ይታወቅ ስለ ነበር፥ አሮጌው ስም ለደቡቡ ዝርያ ተሰጠ፤ በጠፋችውም ምትክ ሌላ ሴት ተርብ ተመረጠች። ስም አልባ ሆኖ የቀረው የሰሜኑ ስለ ነበር እርሱ ፖሊስቴስ ሄልቬቲከስ ተባለ። ሄልቬቲያ የስዊዘርላንድ የላቲን ስም ነው። ይህን ሥራ ራይነር ኖይማየርና ሦስት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 አሳትመው ለዓለም አስታወቁ። ሌላውም ሰው መለየት ይችል ዘንድ የሁለቱንና የሦስት ዘመዶቻቸውን መለያ ምልክት በተራ ጽፈው አቅርበዋል።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ ስሕተቴ ሁለት እንደ ነበረ ተረዳሁ። አንደኛው፥ እኔ ያላወቅሁትን ሁሉ ማንም ያላወቀው መስሎኝ ነበር። የመጽሐፉ ሥዕል የአውሮፓ ተርብ ነበር፤ በአፍሪካ ግን ቤሎኖጋስተር የሚባል ሌላ የወረቀት ሠሪዎች ወገን አለ፤ ወገቡም ቀጭንና ረዥም ነው። ሊቃውንት ካወቁት ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሁለተኛው ስሕተቴ አንዲቱን እንኳ ይዤ አለማስቀመጤ ነው። የእኛዎቹ ተርቦች ከየትኛው ዝርያ እንደ ነበሩ ዛሬ ማንም ሊነግረኝ አይችልም፤ ምስክር የለኝምና። እውነት አዲስ ቢሆኑ ኖሮም የሚያምነኝ አላገኝም ነበር።

ዘንድሮ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ኋላ፥ ሰው በማይመላለስበት በኩል፥ ተርቦች እንደገና ጎጆ ሠርተዋል። መምህራችን ለዘበኛው ነግረውልኝ ሳይነካ ቆይቷል። ከጎጆው ሥር ሞታ ያገኘኋትን አንዲት ተርብ በእስፒል ወግቼ በሣጥን ውስጥ አስቀመጥኋት፤ በትንሽ ወረቀትም የተገኘችበትን ሥፍራ፥ ቀኑንና የያዛትን ሰው ስም ጻፍሁ። ከዚህ በኋላ አንድ ባዶ መሥመር ትቻለሁ፤ እርሱም ለስሟ ነው። ከሚያውቁ ሰዎች ዘንድ ተወስዳ ከቀደሙት ጋር እስክትመሳከር ድረስ ባዶውን ይቆያል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ እናንተም በየቤታችሁ ክፈፍ ሥር የተርብ ጎጆ ብታዩ፥ ሰው የሚነደፍበት ሥፍራ ካልሆነ ችቦ ለማንሣት አትቸኩሉ። ሥር ሥሩን ፈልጋችሁ የሞተች ተርብ ብታገኙ ከነሥፍራዋና ከነቀኗ አምጡልኝ። ሣጥኑ ገና ብዙ ባዶ ቦታ አለው።