«ነጩን ቅዳ»

ካርቱም ላይ፣ ሱዳኖች አል-ሙግረን በሚሉት ቦታ፣ ሁለቱ ዓባዮች ይገናኛሉ። በነሐሴ ጀልባ ተከራይቶ መሃል የገባ ሰው ድንበሩን በዓይኑ ያያል፤ በአንድ በኩል የጎጃምን አፈር የተሸከመ ቡናማ፣ በሌላ በኩል ከኡጋንዳ ሐይቆች ተነሥቶ የመጣ አመድማ ውሃ። ጎን ለጎን ይጓዛሉ እንጂ ቶሎ አይዋሃዱም። አብሮኝ ጀልባው ላይ የነበረ የአገሬ ልጅ ባዶ ሃይላንዱን ወደ አመድማው ዘርግቶ፣ «ይኼኛው ይሻላል፤ ነጩን ቅዳ» አለኝ።

«ለምን ልታደርገው?» አልኩት።

ያን ቀን ለቀልድ ነበር የጠየቅሁት። እየቆየሁ ሳስበው ግን ስለ ውሃ ከምንሳሳተው አብዛኛው ይህን ጥያቄ ከመዝለል የሚመጣ ይመስለኛል።

«ነጩ ከጥቁሩ ይጠራል»

ያሳሳቱን ስሞቹ ናቸው። በሱዳን አረብኛ «አዝረቅ» ሰማያዊ ብቻ ሳይሆን ጠቆር ያለ ነገርም ነው፤ ስለዚህ «ጥቁር ዓባይ» ያሉት አባቶቻችን «ሰማያዊ» ካሉት ፈረንጆች ይልቅ ለቦታው ስም ይቀርባሉ። ነጩም ነጭ የተባለው ንጹህ ሆኖ አይደለም፤ የላመ ሸክላ አፈር ይዞ ስለሚወርድ ነው። እንዲያውም በበጋ፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ጠርቶ የሚታየው ጥቁሩ ነው።

ቀለም የሚነግረን ስለ አፈር ነው። ኮሌራ ቀለም የለውም።

አፈሩም ቢሆን ለሁሉም ቆሻሻ አይደለም። በሁለቱ ወንዞች መገናኛ ላይ ባለችው በቱቲ ደሴት ለሚያርስ ገበሬ ደለሉ ያለ ክፍያ የመጣ ማዳበሪያ ነው። በጥቁር ዓባይ ዳር ቀይ ጡብ ለሚያቃጥሉት ደግሞ ጥሬ ዕቃቸው ነው። እዚያው ዳር ላይ ላለው የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ግን ማጣሪያ የሚደፍን ጣጣ ነው። ወንዙ አንድ፣ ቀኑ አንድ፣ ፍርዱ ሦስት። የሕዳሴ ግድብ ውሃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ነገሩ እየተገለበጠ ነው፤ አብዛኛው ደለል ግድቡ ውስጥ ስለሚቀር የማጣሪያው ሠራተኛ እፎይ ሲል ጡብ ሠሪው ይቸገራል።

«ለመጠጥ የተመደበ ወንዝ ይጠጣል»

ብዙ አገሮች ወንዛቸውን፣ ሐይቃቸውንና የባሕር ዳርቻቸውን «ንጹህ» እና «ቆሻሻ» ብለው አይከፍሉም፤ ለምን አገልግሎት እንደሚፈለግ ይመድቡታል። ህንድ ከሀ እስከ ሠ ልንላቸው የምንችል አምስት ምድቦች አሏት፦ ጀርም ከተገደለ ብቻ የሚጠጣ፣ የሚታጠቡበት፣ በጣቢያ ተጣርቶ የሚጠጣ፣ ለዓሣና ለዱር እንስሳት የሚሆን፣ ለመስኖና ለፋብሪካ ማቀዝቀዣ የሚውል። ሦስተኛውን ልብ በሉልኝ። «የመጠጥ ውሃ ምንጭ» ይባላል፤ ግን በ100 ሚሊ ሊትር እስከ 5,000 ኮሊፎርም ባክቴሪያ ይፈቀድለታል፤ ጣቢያው ያጣራዋል ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። ጣቢያው ከቆመ ምድቡ ወረቀት ብቻ ነው።

ምድብ ግብ ነው እንጂ የምስክር ወረቀት አይደለም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1972 የውሃ ሕጋቸውን ሲያወጡ ወንዞቻቸው ለዋናና ለዓሣ እንዲበቁ ነው ያለሙት፤ ሁሉም በቅተው አልነበረም። ግብ ያልተሰጠው ወንዝ ደግሞ ልማድ ይመድበዋል። የአዲስ አበባውን የአቃቂ ወንዝ ማንም በአዋጅ «የፍሳሽ መውረጃ» አላለውም፤ የእኛው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 እንዲያውም ለቤት ውስጥ ፍጆታ ቅድሚያ ይሰጣል። ልማዱ ግን አቃቂን ፍሳሽ መውረጃ አደረገው፤ በዚያው ውሃ ደግሞ ሰላጣና ጎመን ይለማበታል። በአንድ ወንዝ ላይ ከእነዚህ ሁለት ምድቦች የከፋ ጋብቻ አላውቅም።

«ለሰው የበቃ ለሁሉም ይበቃል»

ይህ ከሁሉ የሚያታልል ነው፤ ምድቦቹን እንደ መሰላል እንድናያቸው ያደርጋልና። መጠጥ ከላይ፣ ዓሣ ከታች። አንድ የቡና ሲኒ 100 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል እንበል። የዓለም ጤና ድርጅት በሚጠጣ ሲኒ ውስጥ አንድም የሰገራ ባክቴሪያ እንዳይገኝ ይላል። በአሜሪካ በሚዋኙበት ወንዝ ውሃ አማካዩ ከ126 እንዳያልፍ ይደረጋል። በጥሬው ለሚበላ አትክልት መስኖ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1989 ያስቀመጠው ጣሪያ 1,000 ነበር። የሚቆጠረው የባክቴሪያ ዓይነት ትንሽ ቢለያይም፣ እስከዚህ ድረስ መሰላል ይመስላል።

አሁን በቧንቧ የመጣ፣ በአግባቡ ክሎሪን የተደረገበትን ውሃ ቅዱና ዓሣ ጨምሩበት። ይሞታል። ለእኛ ደኅንነት በአንድ ሊትር ውስጥ እንዲቀር የሚፈለገው 0.5 ሚሊ ግራም ክሎሪን የወንዝ ዓሣ ከሚችለው ከ20 እጥፍ በላይ ነው። በባሕር ዳርቻ ደግሞ ተቃራኒው አለ፤ ሰው በደስታ የሚዋኝበት ውሃ ኦይስተር ለማርባት ላይፈቀድ ይችላል፤ ይህ ዛጎል ለበስ ፍጥረት ውሃውን እያጣራ ጀርሙን በሥጋው ያከማቻል፣ ሰውም በጥሬው ይውጠዋል።

ከካርቱም ደቡብ ያለው የገዚራ መስኖም ይህንኑ ያሳያል። ከእ.ኤ.አ. 1925 ጀምሮ በሴናር ግድብ በኩል የጥቁር ዓባይን ውሃ ይጠጣል፤ ለጥጥ ግሩም ነው። ነገር ግን ወንዙ ቦይ ውስጥ ገብቶ ሲያዘግምና ሣር ሲያበቅል የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣ ይራባበታል። ልጅ ሳይጠጣው፣ እግሩን ነክሮ ብቻ ይታመማል።

«የሚፈስ ውሃ አይቆሽሽም»

ግማሽ እውነት ነው። የሚፈስ ውሃ አየር ይስባል፣ የገባበትንም ቆሻሻ ቀስ በቀስ ያብላላል። ግን ቀናትና ብዙ ኪሎ ሜትር ይፈልጋል። ከላይኛው ሰፈር የተለቀቀ ፍሳሽ ከታች ሰፈር እንስራ ለመድረስ ይህን ያህል ጊዜ አይሰጠውም።

«ከጠለለ ይጠጣል»

ካርቱም ውስጥ በየደጃፉ ዚር ይቀመጣል፤ የእኛ እንስራ ዘመድ ነው፤ መንገደኛ ሁሉ ከእሱ ይጠጣል። የሱዳን ሴቶች የክረምቱን ቡናማ ውሃ የሽፈራው ፍሬ ፈጭተው ያጠሉታል፤ ዛፉንም «የማጥለያ ዛፍ» ይሉታል። ዱቄቱን በትንሽ ውሃ በጥብጠው ጨምረው ያማስላሉ፤ ደለሉ እንደ እርጎ ይቋጥርና ታች ይቀመጣል፤ ከላይ ብርጭቆ የመሰለ ውሃ ይቀራል። ሳይንሱም ይደግፋቸዋል፤ ከደለሉ ጋር ባክቴሪያውም በብዛት ይወርዳል፣ ከመቶ እስከ ዘጠና ዘጠኝ። ችግሩ የቀረው ከመቶ አንዱ ነው። በሲኒው ውስጥ 100,000 ከነበረ 1,000 ይቀራል፤ ያ የመስኖ ውሃ ነው።

የሱዳን ጦርነት ይህን በመራራ መንገድ አስተምሯል። ባህሪ በሚባለው በሰሜን ካርቱም ያለው ትልቁ የውሃ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ውጊያው እንደጀመረ ሥራ አቆመ። በግንቦት 2025 ድሮኖች የኃይል ማመንጫዎችን ሲመቱ ሌሎቹም ማጣሪያዎች ቆሙ፤ ሕዝቡ ወደ ወንዙ ወረደ። በዚያው ወር የሱዳን ጤና ሚኒስቴር በአንድ ሳምንት ብቻ 172 ሰዎች በኮሌራ መሞታቸውን አስታወቀ፤ ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ በካርቱም ግዛት ነበሩ። ወንዙ ያው ነበር፤ የጎደለው ጣቢያው ነው።

ስለዚህ ከወንዝ የምትቀዱ ሁሉ፣ መጀመሪያ አጥልሉት፤ በሽፈራውም ይሁን ሱዳኖች ሻባ በሚሉት አሉም። የጠለለውን ወደ ንጹህ ዕቃ ገልብጡና ወይ ቡልቅ ቡልቅ እስኪል አፍሉት፣ ወይ እንደ ውሃ አጋር ያለ ክሎሪን ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ሳታጠሉ ክሎሪን ብትጨምሩ ደለሉ ይበላዋል፤ አጥልላችሁ ክሎሪን ብትረሱ ደግሞ ያማረ የመስኖ ውሃ ነው የጠጣችሁት።