ምዕራፍ 4፦ ወገብዎን ለክተው ስብዎን ይገምቱ

ሚዛን አጥንቱንም፣ ጡንቻውንም፣ ውሃውንም፣ ስቡንም ደባልቆ ነው የሚመዝነው። ሁለት ወንዶች እንውሰድ፤ አንዱ መንጌ ወረዳ ወርቅ ሲቆፍር ይውላል፣ ሌላው አሶሳ ከተማ ቢሮ ተቀምጦ ይሠራል። የሁለቱም ቁመት 170 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደታቸው 75 ኪሎ ነው እንበል። የቆፋሪው ወገብ 80፣ የቢሮ ሠራተኛው ግን 98 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ሚዛኑ ያልነገረንን ሜትር ነገረን ማለት ነው። ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚጠራቀም ስብ ለስኳር በሽታ፣ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም ያጋልጣልና።

አለካኩ

የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ልብስ ሰፊ ሱሪው የሚታሰርበትን ቦታ ይለካል፤ እኛ የምንፈልገው ግን ከዚያ ከፍ ይላል። ቀጥ ብለው ቆመው የመጨረሻውን የጎድን አጥንትና የዳሌ አጥንትዎን አናት በጣትዎ ይዳስሱ፤ በሁለቱ መሃል ሜትሩን ያዙሩ። ሆድዎን ሳይሰበስቡ፣ ሜትሩንም ሳያጠብቁ፣ እንደ ወትሮው ተንፍሰው ሲጨርሱ ቁጥሩን ያንብቡ።

ስሌቱ

በ2018 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ቀመር ከቁመትና ከወገብ ሌላ የሚጠይቀው የለም። ቁመትዎን ለወገብዎ ያካፍሉ፤ የተገኘውን በ20 ያባዙ፤ ውጤቱን ወንድ ከሆኑ ከ64፣ ሴት ከሆኑ ከ76 ይቀንሱ። ቆፋሪው 21.5 ከመቶ፣ የቢሮ ሠራተኛው 29.3 ከመቶ ገደማ ስብ ይወጣቸዋል። የሴቶች መነሻ የበለጠው ሴት በተፈጥሮዋ ከወንድ የበለጠ ስብ ስላላት ነው።

ቀመሩ የተሠራው ከአሜሪካ አዋቂዎች መረጃ ስለሆነ በበርታ፣ በጉሙዝ ወይም በሺናሻ ሰው ላይ በጥቂት ነጥብ ሊዛነፍ ይችላል። ስለዚህ ራስዎን ከጎረቤትዎ ጋር አያወዳድሩ፤ በየወሩ በተመሳሳይ ሰዓት እየለኩ ከራስዎ ጋር ያስተያዩ።

ስሌት ለሚከብዳቸው ወላጆችዎ ገመድ ይበቃል። በቁመታቸው ልክ ቆርጠው ለሁለት ያጥፉት፤ የታጠፈው ገመድ ወገባቸውን መዞር ካልቻለ ጤና ጣቢያ ወስደው የደም ግፊትና የስኳር ምርመራ ያስደርጉላቸው።

ነፍሰ ጡርና ሕፃናት በዚህ አይለኩም። ከ6 እስከ 59 ወር ላለ ሕፃን የሚለካው የላይኛው ክንዱ መሃል ነው፤ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ የምግብ እጥረት አለበት፤ ከ11.5 ካነሰ እጥረቱ ከባድ ነውና ሳያሳድሩ ወደ ጤና ኬላ ይውሰዱት።