ጥላሸት፣ ውኃና አጋጣሚ፦ ከአንሪ ሚሾ የቀለም ሥዕሎች ጋር ትውውቅ

አንሪ ሚሾ እ.ኤ.አ. በ1899 በቤልጅግ ናሙር ከተማ ተወልዶ በ1984 በፓሪስ ያረፈ ገጣሚና ሠዓሊ ነው። ገጣሚነቱ ቀድሞ ስለገነነ ሥዕሉ ለረጅም ጊዜ የጽሑፉ ተቀጥላ ተደርጎ ሲታይ ቆይቷል፤ ይሁን እንጂ በጥቁር ቀለም የሠራቸው ረቂቅ ሥዕሎች፣ ማለትም የተለየ ሰው፣ ዛፍ ወይም ቤት ለማሳየት ሳይሆን በመስመርና በቀለም ፍሰት ብቻ ለመቆም የተሠሩት ሥራዎቹ፣ ከተሰጣቸው የላቀ ክብር ይገባቸዋል። እነዚህን ሥዕሎች ለመረዳት የሠዓሊውን የሕይወት ታሪክ ከማጥናት ይልቅ የቀለሙን፣ የወረቀቱንና የውኃውን ጠባይ ማወቅ የበለጠ ይረዳል።

የቻይና ቀለም የሚባለው በመሠረቱ ጥላሸት ነው። የጥድ እንጨት ወይም ዘይት ሲነድ የሚወጣው ጥላሸት ከእንስሳት ከሚገኝ ሙጫ ጋር ተለውሶ ይደርቅና፣ በሚፈለግበት ጊዜ በድንጋይ ላይ በውኃ እየታሸ ይበጠበጣል፤ በጠርሙስ የሚሸጠው ዓይነት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከደረቀ በኋላ በውኃ እንዳይለቅ የሚያደርግ ሙጫ አለው። የኢትዮጵያ የብራና ጸሐፍት ጥቁር ቀለምም በአብዛኛው ከዚሁ ከጥላሸት ወገን በመሆኑ ነገሩ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ዋናው ቁም ነገር ጥላሸቱ በውኃ ውስጥ የማይሟሟ፣ ተበትኖ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ቅንጣት መሆኑ ነው፤ ውኃው ወደ ሄደበት ይሄዳል፣ ውኃው ሲያልቅ በደረሰበት ይቀራል።

ወረቀት ደግሞ ቀለሙን ተቀብሎ ዝም የሚል ነገር አይደለም። ወረቀት ሲመረት ቃጫው ፈሳሽ ቶሎ እንዳይመጥ ስስ ሙጫ ይገባበታል፤ ሙጫው በበዛበት ወረቀት ላይ ቀለሙ ለጥቂት ጊዜ አቁሮ ስለሚቆይ ሠዓሊው ጠብታውን ለመጎተት፣ ወረቀቱን ለማዘንበል ወይም ቀለሙን በጨርቅ ለማንሳት ፋታ ያገኛል። በቻይና አንሁዊ ግዛት የሚሠራው ሹዋን የተባለው ወረቀት፣ በተለይ ሙጫ ያልገባበት ዓይነቱ፣ ይህን ፋታ አይሰጥም፤ ብሩሹ ገና ሲነካው ቀለሙን በቃጫዎቹ መካከል ባሉ ቀጫጭን ክፍተቶች ስቦ ያሰራጨዋል፤ ስለዚህ እጅ ጥቂት ቢዘገይ መስመሩ ይወፍራል፣ ቢፈጥን ሳስቶ ይቆራረጣል። ብራና ሌላኛው ጫፍ ነው፤ ቀለሙ ከገጹ ላይ ስለሚቀር ጸሐፊው የሳተውን ፊደል በቢላ ፍቆ ማረም ይችላል። በ1970 በአዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱም በ2000ዎቹ መጀመሪያ በሠራቻቸው ትልልቅ ሥዕሎች ቀለሙን ያሳረፈችው ብርሃን በሚያሳልፍ የአክሪሊክ ቅብ በተሸፈነና በተለሰለሰ ገጽ ላይ በመሆኑ መስመሮቿ ሳይፈስሱ ስል ሆነው ይታያሉ።

ይበልጥ ሊስተዋል የሚገባውና ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ጉዳይ ግን መድረቅ ነው። ቀለም የበዛበት ጠብታ ሲደርቅ ጠርዙ ከመካከሉ ይልቅ የሚጠቁረው ሠዓሊው ዙሪያውን በብሩሽ ስለከበበው አይደለም። የጠብታው ጠርዝ ወረቀቱን ይዞ ባለበት ይቆማል፤ ስስ በመሆኑም ውኃው ከዚያ ፈጥኖ ይተንናል፤ የተነነውን ለመተካት ከመካከል ወደ ዳር የሚፈሰው ውኃ የጥላሸቱን ቅንጣት እየነዳ ዳር ላይ ያከማቸዋል። ጠረጴዛ ላይ የፈሰሰ ቡና ሲደርቅ ቀለበት ሠርቶ የሚቀረው በዚሁ ምክንያት ነው። ቀድሞ በረጠበ ወረቀት ላይ የተጣለ ጠብታ ግን የሚቆምበት ጠርዝ ስለሌለው ቀስ በቀስ እየሳሳ ይጠፋል። እንግዲህ በአንድ የሚሾ ሥዕል ላይ ስል ጠርዝና የደበዘዘ ጠርዝ ጎን ለጎን ሲገኙ፣ የትኛው የወረቀቱ ክፍል እርጥብ እንደነበረና የትኛው እንደደረቀ፣ የትኛው ጠብታ እንደቀደመና የትኛው እንደተከተለ ማንበብ ይቻላል። አጋጣሚ የሚባለው ነገር እንዲህ ሲመረመር ሕግ አልባ ሆኖ አይገኝም፤ ሕጉ የታወቀ ሆኖ ውጤቱ አስቀድሞ በዝርዝር የማይታወቅ ሂደት ነው።

ሚሾ በዚህ ሂደት ውስጥ ተመልካች አልነበረም። በ1951 ባሳተመው «እንቅስቃሴዎች» በተሰኘው መጽሐፍ ፊደል የሚመስሉ ግን የማይነበቡ፣ የሚሮጡና የሚዘልሉ ምልክቶችን በቻይና ቀለም አስፍሯል፤ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ አንድ ሜትር ገደማ ስፋት ባላቸው ወረቀቶች ላይ ቀለሙን እያፈሰሰና እየረጨ፣ ሳይደርቅ በብሩሽ እየጎተተ ሠርቷል። በ1972 በታተመው ስለ ሥዕሉ በተናገረበት መጽሐፍ እንደገለጸው፣ ዝም ብሎ የሚረጋ የቀለም እድፍ አይማርከውም ነበር፤ ከእድፉ ጋር ይታገላል፣ ሳይረጋም ወደ እንቅስቃሴ ሊለውጠው ይጣደፋል። የሥዕሎቹ ጥድፊያ እንግዲህ ከስሜት ብቻ የመጣ ሳይሆን ቀለሙ ከመድረቁ በፊት ያለው ጊዜ አጭር ከመሆኑም የመጣ ነው።

ስለ ሚሾ የሚነገሩ ሁለት የተሳሳቱ አስተያየቶች መታረም አለባቸው። የመጀመሪያው የቀለም ሥዕሎቹ ሁሉ የአደንዛዥ ዕፅ ውጤቶች ናቸው የሚለው ነው። ሚሾ ከሜክሲኮ ቁልቋል የሚገኘውን ሜስካሊን የተባለ ንጥረ ነገር መሞከር የጀመረው በ1950ዎቹ አጋማሽ ሲሆን «እንቅስቃሴዎች» የታተመው ከዚያ በፊት ነው፤ ከሜስካሊኑ ሙከራ የወጡት ሥዕሎችም በቀጫጭን፣ በተንቀጠቀጡ የብዕር መስመሮች የተሞሉ በመሆናቸው ከትልልቆቹ የቀለም ፍሰቶች በዓይን ይለያሉ። ሁለተኛው ቀለም የረጨ ሁሉ ይህንኑ ይሠራል የሚለው ሲሆን፣ ይህን የሚሉ ሰዎች ምርጫ የሚባለውን ሥራ ይዘነጋሉ። ሚሾ ለ«እንቅስቃሴዎች» ከሺህ በላይ ገጾች ሞልቶ ከእነዚህ መካከል ለመጽሐፉ የበቁት 64 ሥዕሎች ብቻ ናቸው። አጋጣሚው የሚሰጠው ብዙ ነው፤ ሠዓሊው የሚቀበለው ጥቂት ነው፤ ጥበቡም ከዚህ ልዩነት ላይ ይገኛል። ቀለም ረጭቶ የወጣውን ሁሉ በፍሬም የሚሰቅል ጀማሪ የሚሾን ድፍረት ቢወርስም ትዕግሥቱን አልወረሰም።

አሳታሚዎችም ከወቀሳ አያመልጡም። የቀለም ሥዕል ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው በሚል ግምት ንጣቱን አንጥተው፣ ጥቁረቱን አጥቁረው ሲያትሙ፣ ውኃው የሠራቸው ግራጫ እርከኖችና የጠርዝ ቀለበቶች በሙሉ ይጠፋሉ፤ አንባቢው የሚያየው ሥዕሉን ሳይሆን ጥላውን ይሆናል። ስለዚህ በኒው ዮርክ፣ በለንደን ወይም በፓሪስ የሚኖር አንባቢ በእነዚህ ከተሞች ሙዚየሞች ስብስብ ውስጥ ያሉት የሚሾ ሥራዎች ለእይታ ሲቀርቡ ዋናውን ሥዕል ሄዶ ይመልከት፤ ምን ይመስላል ብሎ ከመጠየቁ በፊትም የቱ ጋ እርጥብ ነበር፣ የቱ ጋ ደረቀ፣ እጁስ የት ጣልቃ ገባ ብሎ ይጠይቅ።