መኪናው የድርጅቱ፣ ጉዞው የማን?

አርባ ምንጭ ላይ ትንሽ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ያለው ሰው፣ ከላንቴ ሙዝ አስጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ነጋዴም ይሁን ቱሪስት ወደ ዶርዜና ወደ ጫሞ የሚያመላልስ፣ ሐምሌ ከገባ ጀምሮ ከሒሳብ ሠራተኛው ጋር የማያልቅ ክርክር ይገጥማል። ነዳጁ፣ ጎማው፣ የጋራዡ ክፍያ ከትርፉ ላይ ይቀነስልኛል ወይ? ሒሳብ ሠራተኛው «ደረሰኝ አለህ?» ይላል። ባለ ድርጅቱ ደግሞ «መኪናው ያለ ነዳጅ ይሄዳል እንዴ?» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ማኅበር የሆነ ድርጅት ሁሉ የሽያጩ መጠን ምንም ይሁን የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ስለሆነ የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አለበት፤ የማሳወቂያው ጊዜም ጥቅምት 30 ያበቃል። ክርክሩ እስከዚያው ይቀጥላል።

ሕጉ በጽሑፍ ላይ አያሻማም። አዋጅ ቁጥር 173 በ1953 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ የገቢ ግብር ሕጋችን ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ ተጽፏል፤ መጀመሪያ በ1994፣ ኋላም በ2008 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 979። በዚህ በመጨረሻው አዋጅ መሠረት፣ የንግዱን ገቢ ለማግኘት፣ ለገቢው ዋስትና ለመስጠትና ሥራው እንዲቀጥል ለማድረግ የግድ የወጣ ወጪ ይቀነሳል፤ የግል ፍጆታ ግን አይቀነስም። መኪና የሚያስቸግረው ከሁለቱም ወገን ስለሆነ ነው። ሰኞ ላንቴ የሄደው ሃይሉክስ እሑድ ቤተሰብ ጭኖ ጨንቻ ሠርግ ይወጣል። ጎማውን የጨረሰው የትኛው ጉዞ እንደሆነ ማን ይለያል?

ነገሩን ይበልጥ ያወሳሰበው የ2013ቱ የንግድ ሕግ ነው። በ1952ቱ ሕግ ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር፤ አዲሱ ግን አንድ ሰው ብቻውን ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቀደ። መልካም ነው። ዳሩ ግን ባለቤቱም፣ ሥራ አስኪያጁም፣ ብዙ ጊዜ ሾፌሩም አንድ ሰው ሲሆን «ይህ የእኔ ነው፣ ያ የድርጅቱ ነው» የሚል ሁለተኛ ሰው ይጠፋል። በሕግ ዓይን ግን ሰውየውና ማኅበሩ ሁለት ናቸው።

ስለዚህ የኦዲተሩ የመጀመሪያ ጥያቄ «ሊብሬው በማን ስም ነው?» የሚል ነው። ብዙዎች መኪናውን የገዙት ማኅበሩ ሳይቋቋም ነው፤ ሊብሬው በግል ስማቸው፣ ሰሌዳውም ኮድ 2 ነው። በግለሰብ ስም የተመዘገበ መኪና የድርጅቱ ሀብት አይደለምና ድርጅቱ የእርጅና ቅናሽ ሊጠይቅበት አይችልም። መውጫው ሁለት ነው። አንደኛው ስሙን ወደ ድርጅቱ ማዞር ነው። ሌላው መኪናውን ለራስ ድርጅት በጽሑፍ ውል ማከራየት ነው፤ በዚህ ጊዜ ኪራዩ ለድርጅቱ ወጪ፣ ለባለቤቱ ግን ግብር የሚከፈልበት ገቢ ይሆናል። ባለቤትና ድርጅት በሕጉ «ግንኙነት ያላቸው ሰዎች» ስለሚባሉ ኪራዩ የገበያ ዋጋ መሆን አለበት። ለአሮጌ ኮሮላ የአዲስ ላንድክሩዘር ኪራይ የጻፈ ሰው ችግሩን በገዛ እጁ ፈርሞ አስገባ ማለት ነው።

ስሙ ዞሮ መኪናው የድርጅቱ ቢሆንም ሠርጉ የድርጅቱ አይሆንም። አዋጁ በከፊል ብቻ ለሥራ የሚውል ንብረት የእርጅና ቅናሹ በዚያው መጠን እንዲቀንስ ያዛል። ደመወዝ የሚከፈለው ሥራ አስኪያጅ የድርጅቱን መኪና ለግሉ ሲገለገልበትም በዓይነት ያገኘው ጥቅም ተደርጎ በሠንጠረዥ «ሀ» ግብር ሊታሰብበት ይችላል።

አሜሪካ ለዚህ አጭር መንገድ አላት። የግል መኪናውን ለሥራ የሚነዳ ሰው በአንድ ማይል የተተመነ ሒሳብ ይይዛል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 70 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። የእኛ አዋጅ እንዲህ ያለ የኪሎ ሜትር ተመን ስለሌለው ሁሉም ነገር በደረሰኝ ላይ ተንጠልጥሏል።

እኔን የሚቆረቁረኝም እዚህ ላይ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማደያ ላይ ነዳጅ የሚከፈለው በቴሌብርና በመሰል መንገዶች ስለሆነ፣ ከማደያ የቀዳ ሰው ቀኑና የከፈለው ገንዘብ ተመዝግቦ ይቀርለታል። ማደያው ሲደርቅስ? ሰልፉ ሁለት ቀን ሲፈጅ፣ የተጫነው ሙዝ ደግሞ እየበሰለ ሲሄድ፣ ነጋዴው ከመንገድ ዳር በጀሪካን ይገዛል፤ በውድ ዋጋ፣ ያለ ደረሰኝ። ያ ነዳጅ አይሱዙውን 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ገፍቶ አዲስ አበባ አድርሶታል፤ በመዝገብ ላይ ግን የለም። በጨንቻ ዳገት የተበላሸውን ፍሬን ያደሰለት መካኒክም ደረሰኝ የለውም። በጣም ውድ የሆነበት ወጪ ከግብር የማይቀነስለት ሆነ ማለት ነው፤ ከኪሱ ወጥቶ በወረቀት ላይ ግን ትርፍ መስሎ ይታያል።

በሌላ ወገን ሐሰተኛ ደረሰኝ የሚሸጥ አለ፤ የገቢዎች ሚኒስቴርም በዚህ የተጠረጠሩ ድርጅቶችን በየጊዜው ያሳውቃል። ያላወጣውን ወጪ በተገዛ ደረሰኝ የሚያስመዘግብና ያወጣውን ማስመዝገብ ያቃተው በአንድ ገበያ ይወዳደራሉ። ሐሰተኛ ደረሰኝ መጠቀም በወንጀል ያስጠይቃልና ለቸገረውም አማራጭ ነው ብዬ አልመክርም።

ደረሰኝ ብቻውንም አይበቃም። ዳሽቦርድ ውስጥ የሚቀመጥ አንድ ደብተር ብዙ ክርክር ያስቀራል፦ ቀኑ፣ ሲነሱ ቆጣሪው ያሳየው ኪሎ ሜትር፣ ሲደርሱ ያሳየው፣ የት፣ ለምን። «ማክሰኞ፣ ከሲቀላ ላንቴ፣ ሙዝ ለመጫን» የሚል መስመር ከነዳጁ ክፍያ ጋር ሲገጥም ኦዲተሩን የሚያሳምን ነገር ይሆናል። እሑድም ይጻፍ፤ ለሠርግ የሄዱበት ቀን የተጻፈበት ደብተር ሌላውን ገጽ ታማኝ ያደርገዋል።

የሚቀነሰው ምን ያህል ነው? የ2009ኙ ደንብ ቁጥር 410 ለመኪና የተለየ መደብ ስለሌለው መኪና «ሌሎች ንብረቶች» ከሚለው ውስጥ ይገባል፤ በቀጥታ ስሌት በዓመት 15 በመቶ ነው። ለምሳሌ ድርጅቱ በ3 ሚሊዮን ብር የገዛው መኪና በዓመት 450 ሺህ ብር የእርጅና ቅናሽ አለው። አራት አምስተኛው ለሥራ፣ ቀሪው ለቤት ከሆነ የሚያዘው 360 ሺህ ብር ነው፤ በማኅበሩ 30 በመቶ ግብር ሲሰላ 108 ሺህ ብር ግብር ይቀንሳል።

ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ማሻሻያ ወዲህ ግን ለዚህ ሁሉ ወለል ተበጅቶለታል። አዋጅ ቁጥር 1395 የንግድ ትርፍ ግብር ከዓመታዊ ሽያጩ 2.5 በመቶ እንዳያንስ ደንግጓል። ዓመቱን 8 ሚሊዮን ብር የሸጠ የሙዝ ነጋዴ ወጪው ሁሉ ተቀንሶ 500 ሺህ ብር ቢያተርፍ በ30 በመቶ ሒሳብ 150 ሺህ ብር ይደርስበት ነበር፤ በወለሉ ግን 200 ሺህ ብር ይከፍላል። ከዚያ በታች የሚያወርድ የነዳጅ ደረሰኝ፣ እውነተኛም ቢሆን፣ የለም።