ጎማ ቆሞም ያረጃል


በጦርነቱና በመንገድ መዘጋቱ ዘመን መኪናዬ ግቢ ውስጥ ቆማ ከረመች። ከጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ ለጉዞ ስነሣ የጎማዎቿ ጥርስ ሙሉ ነበር፤ ጎሚስታው ግን ጎናቸውን ጫን ብሎ ስንጥቃቸውን አሳየኝ። ጎማ ሳይሽከረከርም ያረጃል፤ ፀሐይ፣ ሙቀትና ኦክስጅን ያደርቁታል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት መቐለ ደግሞ ጨረሩ ይበረታል።

ስለዚህ ለመኪናም ሆነ ለሞተር ሳይክል ተተኪ ጎማ ስንገዛ አስቀድመን ጎኑን እናንብብ። «ዶት» በሚል ከሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አሃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ። 2516 ማለት የ2016 ዓመት 25ኛ ሳምንት ነው። ዓመቱ ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ሰኔ 2008 ዓ.ም. ይሆናል። ይህን የሳተ ገዢ የጎማውን ዕድሜ ከሰባት ዓመት በላይ ያሳንሰዋል።

ከገዛን በኋላም ነፋሱን ጎማው ሳይሞቅ እንለካ፤ ጥርሱ 1.6 ሚሊ ሜትር ሳይደርስ እንቀይር። ከኮረም ወደ አላማጣ ቁልቁለቱን ለሚወርድ ሞተረኛ ያሉት ሁለት ጎማዎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ቢፈነዳ የሚተካለት የለም።